ስልኩ ታየ ማለት ሰውየው ተሳፈረ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ በጀልባ አመላልሳለሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተን ስንመለስ አንድ ሁለት ሰው ፎቶ ሲያነሳ ጫካው ውስጥ ይቀራል። ስቆጥር ይምታታብኛል። ጓደኛዬ «ስልክህ አጠገብህ ያሉትን ስልኮች በብሉቱዝ ያያል፤ በዚያ ቁጠራቸው» አለኝ። ይሠራል?
ጀልባ ነጂ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰው እንዳይቀርብህ መጨነቅህ ደስ ብሎኛል። ስልክ በአካባቢው ያለውን ብሉቱዝ መስማቱ እውነት ነው። ሰው ለመቁጠር ግን አይሆንህም።

ብዙ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲሆን ጭራሽ አይታይም። የሚታየውም ባለቤቱን ማንም እንዳይከታተለው ብሎ የብሉቱዝ መለያ አድራሻውን በየ15 ደቂቃው ገደማ ይቀይራል። ባሕር ዳር ስትነሳ የመዘገብከው ስልክ ዘጌ ሲደርስ ሌላ ስልክ ይመስልሃል። ደግሞ ሰዓትና ማዳመጫ ያደረገ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል፤ ብሉቱዙን ያጠፋው ደግሞ የለም ይባላል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ አፕልና ጎግል በዚሁ ሲግናል ማን ከማን ጋር እንደተቀራረበ የሚለይ ዘዴ አውጥተው ነበር። ያኔም ቢሆን ሁለቱም ሰዎች ፈቅደው ማብራት ነበረባቸው።

በሲግናሉ ጥንካሬ ርቀቱን ልገምት ብትልም ያሳስትሃል። እኔ ራሴ ወደ ዘጌ ስሄድ ኤንአርኤፍ ኮኔክት የሚባለውን ነፃ አፕ ከፍቼ የጓደኛዬን ሰዓት ሲግናል አየሁ። አጠገቤ ተቀምጦ ከዜሮ በታች 60 ገደማ ነበር። ሐይቁን ለማየት ጀርባውን ሲያዞርብኝ ከዜሮ በታች 80 ገባ። ከቦታው ንቅንቅ አላለም! በዚህ ልኬት 20 ወረደ ማለት ኃይሉ አንድ መቶኛ ሆነ ማለት ነው። ብሉቱዝ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውኃ ይመጠዋል፤ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ጀልባ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሲቀመጥ ቁጥሩ እንደፈለገው ይዋዥቃል።

ከፈለግህ የሚሻለው ትንንሽ የብሉቱዝ ምልክት ማሰራጫዎች መግዛት ነው። እንደ ሰዓት ባትሪ ባለች ክብ ባትሪ ወራት ይሠራሉ፤ መለያቸውም እንዳይቀያየር አድርገህ ታስተካክለዋለህ። ቁጥር ጻፍባቸውና ለእያንዳንዱ እንግዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥልለት፤ ለምን እንደሆነም ንገረው። የሕይወት አድን ጃኬቱ ላይ እንዳታስረው! ዑራ ሲደርሱ ጃኬቱን አውልቀው ጀልባው ላይ ጥለውት ነው የሚወርዱት። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስልክህ «በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን» ለማየት ፈቃድ ይጠይቅሃል፤ ፍቀድለት።

ይህን ግን ልብ በልልኝ። ሲግናሉ ሜዳ ላይ አሥር ሜትርም ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከጀልባው ወርዶ መውረጃው ዳር የዘጌን ቡና የሚጠጣ ሰው ስልክህ ላይ ጀልባ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታይሃል። ስለዚህ 7 ቁጥር ካልታየህ 7 ቁጥርን ፈልገው። ከታየህ ግን ገብቷል ብለህ ሞተር እንዳታስነሳ። ማሰራጫውን ጀልባው አፍ ላይ ቆመህ ከየአንገታቸው በእጅህ ተቀበል፤ የሁሉም እጅህ ሲገባ ገመዱን ፍታ።