ምግብ ቤት ለመክፈት ለምታስቡ ልጆቼ፦ መጀመሪያ ጓዳውን እዩት

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ?

ሰሞኑን "ምግብ ቤት ልንከፍት ነው" የሚሉኝ ወጣቶች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚህ ሥራ ነው፤ ልጆቼንም ያሳደግኩት በእሱ ነው። ግን ምክር ሊጠይቁኝ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ነገር ያሳስበኛል። ስልካቸውን አውጥተው የወንበር፣ የመብራትና የግድግዳ ቀለም ፎቶ ያሳዩኛል። "ጓዳውስ?" ስላቸው ዝም ይላሉ። አንዳንዶቹ "እሱ ይደርሳል" ይሉኛል።

አይደርስም። ምግብ ቤት የሚከስረው ጓዳ ውስጥ ነው። ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ተራ የሚጠብቅባቸው ቤቶች ሲዘጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ ማታ ማታ ብር ሲቆጥር ሥራው ያማረለት ይመስለዋል። ወሩ ሲያልቅ የኪራይ ይጎድለዋል። የት እንደገባ ጠይቁት፣ አያውቀውም። ያለኝን ገንዘብና ጉልበት መጀመሪያ የማውለው ጓዳው ላይ ነው፤ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ ደጃፉ ላይ ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን ብቻ አትቁጠሩ። ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ግቡ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? አከራዩም ይጠየቅ፣ ጎረቤቱም ይጠየቅ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር ብዙ ነው። ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታ አለ ወይ? የዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? ቅባት የበዛበት ውሃ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ከገባ መደፈኑ አይቀርም። የሚደፈነው ደግሞ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነው። ጭሱስ በየት በኩል ይወጣል? የቁሌቱ ጭስ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት መኝታ ቤት ከገባ ሰላም አይኖራችሁም፤ እሷም እውነት አላት።

መብራቱን በባለሙያ አስፈትሹት። እንጀራ እዚያው ልትጋግሩ ካሰባችሁ ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል። ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ከሌለ ማስገባቱ ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በምን እንደምትሠሩ ከአሁኑ ወስኑ። ከሰል ነው? ሲሊንደር ነው? ጄኔሬተር ከሆነ ፍሪጁን ይችላል ወይ? ለጀማሪ የእኔ ምክር እንጀራውን ከታመነች ጋጋሪ ተረክቦ መጀመር ነው። መጋገሩ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ከእንጀራም ከወጥም ጋር በአንድ ቀን አትታገሉ።

ውሉ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ብዙ አከራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃል። ገንዘባችሁን በእድሳት ላይ አፍስሳችሁ ውሉ የአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ፣ ያደሳችሁት የሰው ቤት ነው። ሥራው ሲደምቅ አከራዩም ያያል። ኪራዩ መቼና በስንት በመቶ እንደሚጨምር በጽሑፍ ይቀመጥ። ቤቱን ስትለቁ ያስገባችሁት ዕቃ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ወረዳም ጎራ ብላችሁ ቦታው በልማት ይነካ እንደሆነ ጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳን ጨምሮ በየመንገዱ ዳር የነበሩ ብዙ ንግድ ቤቶች ተነሥተዋል። ተከራይ የሆነ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ገንዘቡን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ሳህን ምግብ ስንት ያወጣባችኋል?

ተጋቢኖን ውሰዱ። ሁሉም ሰው "ሽሮ ምን ያወጣል?" ይላል። ሚዛን አምጡና ቁጭ በሉ። ዱቄቱን መዝኑ። ዘይቱን በጭልፋ ለኩ። ሽንኩርቱን ከነልጣጩ አስሉት፤ ስትገዙት ከነልጣጩ ነው የከፈላችሁት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን ጨምሩ። እንጀራው ላይ ጭማሪውን አትርሱ። ብዙ ቤት ለጭማሪ እንጀራ ሒሳብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ከሰሉ፣ ሳሙናው፣ ሶፍቱ። በመጨረሻ የወሩን ኪራይና ደሞዝ በወር ትሸጣላችሁ ብላችሁ በምትገምቱት ሳህን ልክ አካፍሉት። ስትገምቱ ቀንሳችሁ ገምቱ። ይህ ሁሉ ሲደመር ቁጥሩ ያስደነግጣችኋል። መደንገጡ አሁን ይሻላል፣ ገና ቤቱን ሳትከራዩ።

ለእያንዳንዱ ምግብ ይህን በደብተር ጻፉ፤ በየወሩም ከልሱት። የእኛ ገበያ አንድ ቦታ አይቆምም። ቀይ ሽንኩርት በአንድ ወር ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ቅቤ እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲቃረቡ ይወደዳል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ተነካ፤ ዘይትም በዚያው ነው የሄደው። ያን ጊዜ ደብተር የነበረው ሰው የትኛው ምግብ እንደሚጎዳው በማግሥቱ አወቀ። ደብተር ያልነበረው ደግሞ የሜኑውን ዋጋ በሙሉ በግምት ከፍ አድርጎ ደንበኛ አሸሸ፤ አለዚያም እየከሰረ ቀጠለ።

የሚጠራቀመውን በወቅቱ ግዙ። ጤፍ አዲሱ ምርት ሲገባ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ብታስገቡ ይሻላል። ዛላ በርበሬም ደርቆ በብዛት ገበያ ሲወጣ ገዝታችሁ ራሳችሁ አስዘጋጁት። ዱቄት ሆኖ የተገዛ በርበሬ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ገንዘብ ከሌላችሁ የዓመቱን ባይሆን የሦስት ወሩን ያዙ። አትክልት ግን አይጠራቀምም። ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት ነው። የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰፈር መጓጓዣው ራሱ ሌላ ወጪ ሆኗል። አቅራቢያችሁ ካለ ምግብ ቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ መኪና ብታስጭኑ ነውር የለውም።

የሚመለሰውን ሳህንም እዩት። እኔ አሁንም ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ጎመኑ ሳይነካ የሚመለስ ከሆነ ወይ በዝቷል፣ ወይ ጨው ጎድሎታል፣ ወይ ሰልችቷል። ደንበኛ አፍሮ የማይነግራችሁን ሳህኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ደግሞም ዕቃ ሲጎድል ሠራተኛን በሌብነት ለመጠርጠር አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ሳይመዘን የወጣ ነገር ነው። ከመጋዘን የሚወጣውን በየጠዋቱ መዝግቡ። ሰውን ያለ ጥፋቱ መጠርጠር ቤቱን ከውስጥ ያፈርሰዋል።

ከሌላ አገር መጽሐፍ የማታገኙት ነገር ደግሞ ጾማችን ነው። ዓመቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ ዘርግታችሁ ቀለም ቀቡት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። የሰኔው ጾም በየዓመቱ ርዝመቱ ይለያያል። በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕም ዓርብም ይፈሰካል፤ ሥጋ የሚሸጥ ቤት የሚተነፍሰው ያን ጊዜ ነው። ክትፎ ወይም ጥብስ ላይ ብቻ የቆመ ቤት ሁዳዴን በምን እንደሚያልፍ ሳያስብ ከተከፈተ፣ በቅበላ ሞቅ ብሎ በማግሥቱ ጭር ይላል። ኪራዩ አይጾምም። በደህናው ወር ከሚገባው ላይ ለጾሙ ወር የሚሆን ለይታችሁ አስቀምጡ።

የጾም ምግቡንም ከልባችሁ ሥሩት። ብዙ ቤት በየዓይነቱን እንደ ግዴታ ነው የሚያቀርበው። ምስሩ ትናንት የነበረው ነው፣ ድንቹ ጨው ብቻ ነው። ዘንድሮ በጾም ያስደሰታችሁት ደንበኛ በፍስኩም ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። የጾሙ ድስት፣ ጭልፋና መክተፊያ ለብቻው ይሁን። ይህ የጤና ብቻ ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነው። የሚጾም ሰው እናንተን አምኖ ነው አፉን የሚከፍተው። በሥጋውም እንደዚሁ። የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም በግልጽ ተናገሩ፣ አታደባልቁ። በአጋጣሚ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ግብር ላይ በአጭሩ ልናገር፤ ለዝርዝሩ የሒሳብ ባለሙያ ያዙ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገባችሁ 15 በመቶው የእናንተ ገንዘብ አይደለም። ሜኑው ላይ 230 ብር ካላችሁና ታክሱ ውስጡ ካለ፣ የእናንተ 200 ነው። 30ውን ለመንግሥት ይዛችሁለታል። በሌላ የባንክ ሒሳብ ለይታችሁ አስቀምጡት። በቴሌብር የገባውም በእጅ የተከፈለውም ደረሰኝ ይቆረጥለት። ከገበያ ስትገዙም ደረሰኝ ጠይቁ። በርበሬና ሽንኩርት ከሚሸጥ ሰው ደረሰኝ ማግኘት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማስረጃ የሌለው ወጪ ግብር ሲሰላ ላይያዝላችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባላተረፋችሁት ትርፍ ግብር ትከፍላላችሁ። ደረሰኝ ከማይሰጥ ሻጭ ስትገዙ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ ባለሙያውን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁት።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የምግብ ቤታችሁ ዋና ሰው ወጥ ሠሪዋ ናት። የአገራችን ደንበኛ ወጡን የሚያወዳድረው ከእናቱ ቤት ጋር ነው። ዛሬ የቀመሰውን በሳምንቱም እንዲያገኘው ይፈልጋል። ያን የምታቆየው እሷ ናት። "እትዬ፣ የዛሬው ሽንኩርት ውሃ ነው፣ አይበረክትም" ስትለኝ እሰማታለሁ። በክረምት የሚመጣ ሽንኩርት ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። እሷን በአነስተኛ ደሞዝ ይዛችሁ ለጌጥ ብር የምትረጩ ከሆነ ዛሬውኑ ተዉት። አጠገባችሁ የሚከፈተው ቤት ጥቂት ጨምሮ ይወስዳታል፤ ደንበኛውም ተከትሏት ይሄዳል። እሷም እናንተም እንዳትቸገሩ የየወጡን ልክ አብራችሁ መዝናችሁ ጻፉት። ታምማ ብትቀር ረዳቷ በዚያ ትሠራለች።

ጓዳ ውስጥ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ሴት ልጆች ናቸው። ንጋት ላይ ተነሥተው ማታ የመጨረሻው ደንበኛ እስኪወጣ ይቆማሉ። ይህ መለመዱ ትክክል አያደርገውም። በሕጉ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የወለደች ሠራተኛ ከነደሞዟ የ120 ቀን ፈቃድ አላት። ጡረታ እናንተ 11 በመቶ ትጨምራላችሁ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል። ደሞዙ 10,000 ብር ከሆነ ከእናንተ ኪስ 1,100 ይወጣል ማለት ነው። ይህንንም የሳህኑ ዋጋ ውስጥ አስገቡት። ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር ከልጅ ደሞዝ የሚቆርጡ ባለቤቶችን አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ሕጉም እንዳሻችሁ እንድትቆርጡ አይፈቅድም። ጉርሻውም ሳሎን ብቻ አይቅር። አስተናጋጆቹን ሰብስባችሁ ለጓዳውም የሚደርስበትን መንገድ ተስማሙ። ሠራተኛ የሚበላው ምግብ ደግሞ ትኩስ ይሁን፣ ተቀምጦም ይብላ።

ከጓደኛ ጋር ልትከፍቱ ከሆነ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን ደሞዝ እንደሚወስድ፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት እንደሚተመን ጻፉ። ዕቁብ ከካዝና አትጣሉ። ዘመድ ሲመጣ ጋብዙ፤ ግን ከራሳችሁ ኪስ ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት። ዱቤ ለማን እስከ ስንት እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ገንዘብ ባይኖራችሁስ? ምሳ ብቻ በመሸጥ ጀምሩ። ሦስት ወይም አራት ምግብ ይበቃል። አቅራቢያችሁ ካሉ ቢሮዎች ጋር ተነጋግራችሁ በትዕዛዝ አድርሱ። ፈቃድ አውጡ፣ የሠራተኞቻችሁን የጤና ምርመራ አስጨርሱ። ሽንኩርቱ ሲወደድ፣ ጾም ሲገባ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ በትንሹ ትማራላችሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ስለ መዝጋት። ማንም አይነግራችሁም። ከመክፈታችሁ በፊት ለስንት ወር ኪሳራ እንደምትችሉ ወስናችሁ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ያ ወር ከደረሰና ሒሳቡ ካልተስተካከለ፣ ከዘመድ ተበድራችሁ አትቀጥሉ። የሠራተኛውን ክፍያ መጀመሪያ ጨርሱ፤ ቀጥሎ የሽንኩርት ሻጯንና የጋጋሪዋን። የንግድ ፈቃዱንም መልሱ። ቤቱ ተዘግቶ ፈቃዱ ካልተመለሰ ግብር ቢሮው እንደምትሠሩ ነው የሚቆጥራችሁ፤ ቅጣቱ እየተጠራቀመ ይቆያችኋል።