ፍሬን ሲረገጥ የሚጠፋው የተጎታች መብራት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ2003 ፎርድ ሬንጀር ፒካፕ አለችኝ፤ የሣር ማጨጃ ማሽኖቼን በትንሽ ተጎታች እየጫንኩ እሠራባታለሁ። ቀን ቀን የተጎታቹ ፍሬቻም ፍሬንም ይበራል። ማታ የፊት መብራት ሳበራ ግን ይደበዝዛል፤ የግራ ፍሬቻ ሳሳይ ቀኙም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፍሬን ስረግጥ ጭራሽ ይጠፋል። የመኪናዋ የራሷ መብራት ደህና ነው። አምፖሎቹን ቀይሬያለሁ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ሽቦው በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም አለኝ። ላስቀይረው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ። የጻፍከው የማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መስመር፣ ችግር ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሁሉም ይጠፋል ያልከው ብቻውን ይበቃኛል።

አምፖልህ ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ ቀጭኑ ለፓርኪንግ፣ ወፍራሙ ለፍሬንና ለፍሬቻ። የሁለቱም መመለሻ አንድ ማሳ ነው። ማሳው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ መውጫ ፍለጋ በሌላው ክር ይገባና በሌላ ሽቦ ዞሮ በመኪናዋ አምፖሎች በኩል ይመለሳል። ቀን የሚበራልህ ለዚህ ነው፤ ጠጋ ብለህ ብታየው ግን ደብዛዛ ነው። ማታ ፍሬን ስትረግጥ ቡናማውም (ፓርኪንግ)፣ ቢጫውም (ግራ)፣ አረንጓዴውም (ቀኝ) ኃይል ይይዛሉ፤ መመለሻ የሚሆን ሽቦ አይቀርም። ከኋላህ ያለው ሾፌር መቆምህን ማወቅ ባለበት ሰዓት ጨለማ ያያል። እባክህ እስክትሠራው ድረስ ማታ አትጎትት።

ፍተሻው ቀላል ነው። አምስት ሜትር ያህል ሽቦ ፈልግ። አንዱን ጫፍ ከመኪናዋ ሻሲ፣ ሌላውን ከተጎታቹ ሻሲ ጋር አገናኝ፤ ሁለቱም ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት። መብራቱ ከተስተካከለ ጥፋቱ የማሳው ሽቦ፣ ማለትም ነጩ ላይ ነው።

ከመኪናው ወገን ነው ከተጎታቹ? ሶኬቱን ንቀልና የፊት መብራት አብራ። ከመኪናው በሚመጣው ባለአራት ሶኬት ላይ ሦስቱ የተሸፈኑ ናቸው፤ ራቁቱን የወጣው ፒን ማሳው ነው። ባለ 12 ቮልት አምፖል በሁለት ሽቦ አስረህ አንዱን ቡናማው ላይ፣ ሌላውን ራቁቱ ፒን ላይ አድርግ። ደምቆ ከበራ የመኪናው ወገን ደህና ነው። በቮልት መለኪያ ብቻ አትመን፤ አንድ የመዳብ ክር የቀረው ሽቦም ቢሆን በመለኪያው 12 ቮልት ያሳያል፣ አምፖል ሲጫንበት ግን ይወድቃል።

ባለፈው ክረምት ልክ እንዳንተ ዓይነት ተጎታች መጥቶልኝ ነበር። ነጩ ሽቦ ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ከሻሲው ጋር የታሰረበት ብሎን አጠገብ ይዤ ሳብ ሳደርገው ላስቲኩ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ስልጠው ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። እዚህ አገር በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ያንተም እንደዚያ ከሆነ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ቁረጠው። ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትገው፣ የሽቦው ጫፍ ላይ አዲስ የብረት ቀለበት አድርገህ አጥብቀህ እሰረውና ከላይ ግራሶ ቀባው። እኔ ሁልጊዜ ነጩን ሽቦ እስከ ሁለቱ የኋላ መብራቶች ድረስ አወስደዋለሁ፤ የዛገ ሻሲ ላይ መተማመን አልወድም። በሽቦው ላስቲክ ላይ ተነክሰው የሚያያዙትን ማገናኛዎች ተው፤ ውኃ ያስገባሉ።

መልሰህ ከገጠምክ በኋላ ሲመሽ አንድ ሰው ከኋላ አቁም። መብራቱ በርቶ፣ ፍሬኑም ተረግጦ ሳለ ግራና ቀኝ ፍሬቻ አሳይ፤ አንዱ ብልጭ ድርግም ሲል ሌላው ሳይነቃነቅ ቀይ ሆኖ መቆየት አለበት።