ክሩን ከፕሮፔለሩ ጀርባ ፈልገው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በርክ ሌክ የሚባለው ሐይቅ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ እወጣለሁ። እዚያ የቤንዚን ሞተር ማስነሳት ስለማይፈቀድ ያገለገለ ባለ 12 ቮልት ትሮሊንግ ሞተር፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጀልባ ሞተር፣ ከሰው ገዛሁ። ባለፈው ሳምንት አረሙን ተጠግቼ ስሄድ ድንገት "እምም" አለና ቀጥ አለ። ብሬከሩ ወረደ። መለስኩት፣ እንደገና ወረደ። በመረቡ እጀታ እየቀዘፍኩ ነው ዳር የደረስኩት፤ ልጄ እስካሁን ይስቅብኛል። ባትሪው ነው ወይስ ሞተሩ ተቃጠለ?

መልስ፦ ልጅህ ይሳቅ፣ እኔም አንዴ በነጠላ ጫማ ቀዝፌ ወጥቻለሁ።

ባትሪው አይመስለኝም። ባትሪ ቢደክም ኖሮ ሞተሩ እየሰለለ እየሰለለ ነበር የሚቆመው፣ ብሬከሩም አይወርድም። ብሬከር የሚወርደው ሞተሩ ኤሌክትሪክ አብዝቶ ሲስብ ነው፤ ፕሮፔለሩን፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ፣ አንድ ነገር ጠፍሮ ሲይዘው መዞር እያቃተው ከባትሪው ከልክ በላይ ይጎትታል፣ ያ ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ደጋግመህ አትመልሰው። ሞተሩ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀል። "አጥፍቼዋለሁ" አይበቃም፣ የምትነካካው በጣትህ ነው። ከዚያ ፕሮፔለሩን በእጅህ አዙረው። ጤነኛው ውስጡ ማግኔት ስላለ ትንሽ ያዝ ያዝ ያደርጋል እንጂ ይዞራል። ድርቅ ካለብህ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ዳዶውን በመፍቻ ፍታው፤ ግን ጀልባው ላይ ሆነህ ሳይሆን ዳር ወጥተህ፣ ፎጣ አንጥፈህ። ዳዶው፣ ሮንዴላዋ፣ ዘንጉን አቋርጣ የምታልፈው ትንሿ ፒን፣ አንዷ ውሃ ውስጥ ጠብ ካለች የዕለቱ ዓሣ ማጥመድ አበቃ። ፕሮፔለሩ እምቢ ካለ ከጀርባው ግራና ቀኝ በእንጨት መታ መታ አድርገው። በካቻቪቴ አትፈልቅቀው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ይሰነጠቃል።

ሲወጣ አረሙ ወዲያው ይታይሃል። ክሩ ነው አታላዩ። ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠብቆ፣ ውሃ እንዳይገባ ዘንጉን ከሚዘጋው ጎማ፣ ከፓራኦሊዮው፣ ጋር አንድ ቀለበት መስሎ ይቀመጣል፤ በጥፍርህ ስትጭረው ነው ክር መሆኑን የምታውቀው። ጫፉን ፈልገህ በፒንሳ ቀስ እያልክ ተርትረው። ቢላ አታስጠጋ፤ ፓራኦሊዮው ከተጫረ ውሃ ይገባል፣ ውሃ ከገባ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይዝጋል፣ ያኔ ነው ኪስህ የሚራቆተው።

ፒኗ ከጠመመች ቀይራት። ሌላው እንዳይጎዳ ቀድማ እንድትሰበር የተሠራች ናት፣ ስለዚህ በወፈረ ብረት አትተካት። ሁለት ገዝተህ አንዷን መንጠቆ ሳጥንህ ውስጥ ጣል።

ክሩን ካወጣህ በኋላ ባዶው ዘንግ አሁንም በእጅ ካልዞረ ችግሩ ውስጥ ነው፣ ለባለሙያ ስጠው። ከዞረ ግን ገጥመህ፣ ታችኛውን ክፍል ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክረህ በዝቅተኛ ፍጥነት ሞክረው። አየር ላይ አታስኪደው፣ የሚያበርደው ውሃው ነው።

በነገራችን ላይ የክሩን ቀለም እየው። ያንተ ካልሆነ ሻጩ ነው መርቆ የሰጠህ።