ሐሳቡ ቢቀር ሰውየው አይቅር

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ለታቦታቱ ምንጣፍ የምናነጥፍ ወጣቶች ነን። በተዋጣው ገንዘብ አዲስ ምንጣፍ እንግዛ ስንል አንድ ወንድማችን «አሮጌው ታጥቦና ተሰፍቶ ይበቃል፤ ብሩ ከገጠር ለሚመጡ እንግዶች ምግብ ይሁን» አለ። በድምፅ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ቀረ። አንዳንዶቻችን «ለእግዚአብሔር ብሎ ቢሆን ኖሮ አይቀየምም ነበር» እንላለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ «ለእግዚአብሔር ብሎ ቢሆን ኖሮ» የምትለዋን ንግግር አስቀድማችሁ ተዉአት። በጣም ታሳዝነኛለች። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። ያ ልጅ በከተራ ከኋላ አቧራ እየዋጠ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ ወደ ፊት ሲሮጥ አይታችሁታል። ያን ሁሉ ድካም በአንድ ቃል ከንቱ አደረጋችሁበት።

አለመስማማታችሁ አያስደንግጣችሁ። በሃይማኖት ድርድር የለም፤ ምንጣፍ መግዛት ግን የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም። ሁለታችሁም ያሰባችሁት መልካም ነው። ጳውሎስና በርናባስ እንኳ በማርቆስ ምክንያት ተከፋፍተው ተለያይተዋል፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ይህን አልሸሸገም። ማርቆስን አልወስድም ያለው ያው ጳውሎስ ግን ኋላ ለጢሞቴዎስ «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው» ብሎ ጻፈ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። «ይጠቅመኛል» ነው ያለው። ወንድማችሁም ከእናንተ መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቤቱ ሂዱ። በቴሌግራም አይሆንም። ብዙ ሆናችሁም አትሂዱ፤ ሽምግልና የመጣበት ይመስለዋል። ያችን ቃል የተናገረው ሰው ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ። «ለምን ቀረህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሐሳቡን መልሳችሁ ንገሩት፤ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ። አብዛኛው ሰው በመሸነፉ ሳይሆን ሳይሰሙት በመወሰኑ ነው የሚከፋው። በቃለ ጉባኤውም ላይ ሐሳቡን ከነምክንያቱ ጻፉት፤ የከርሞ ኮሚቴ ያነበዋል።

ከዚያ እውነተኛ ሥራ ስጡት። የእንግዶቹን ነገር ያነሣው እሱ ነውና ጥቂትም ብትሆን ብር መድቡለት፤ ዳቦውንና ውኃውን እሱ ያስተባብር፣ እሱ ይወስን። ለማባበል ብቻ የተሰጠ ሥራ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ይብስበታል።

እሱም ቢሆን ድርሻ አለበት። መከፋቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ቂም አድርጎ ከያዘው ግን የንስሐ አባቱን ያማክር። ይህን ግን እናንተ አትንገሩት፤ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ወቀሳ ይሆንበታል።

አሁንም እምቢ ቢል ስሙን ከመዝገብ አትሰርዙ። ለሚቀጥለው ስብሰባም እንደ ማንኛውም አባል ጥሩት።