የሠራሽውን በምን ትለኪዋለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ፊዚክስ ልትመረቂ ነው፣ ማስተርስሽን በግራፊን (አንድ አተም ብቻ በሚወፍረው የካርቦን ንብርብር) እና በመሰሎቹ ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ፣ ግን ያለ ውድ ማሽን እዚህ አገር ይቻላል ወይ? ይቻላል። እኔ ራሴ የመመረቂያ ሥራዬን ግማሹን የጨረስኩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ ነው። ብቻ ርዕስ ስትመርጪ «ምን ልሥራ?» ብለሽ አትነሺ። «የሠራሁትን በምን እለካዋለሁ?» ብለሽ ተነሺ።

መሥራቱማ ምን አለው! የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጋይምና ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንችስተር ላይ ግራፊንን ለይተው ያወጡት ግራፋይት (የእርሳስ ጥቁሩ) ላይ ስኮች እየለጠፉ በመላጥ ነው፤ በ2010 ኖቤል ተሸለሙ። በ2014 ደግሞ የደብሊኑ የኮልማን ቡድን ግራፋይትን ከውሃና ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር በጁስ መፍጫ መትቶ ግራፊን አወጣ። እኛም ሞክረነዋል። አረፋ የሞላበት ጥቁር ውሃ ይወጣል። ሲያድር ወፍራሙ ይዘቅጣል፣ ላዩ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። (መፍጫው ከዚያ ወዲያ ለአቮካዶ አይሆንም፤ የእናትሽን እንዳትነኪ።)

ግራጫው ውስጥ ያለው ቅርፊት ታዲያ ባለ ስንት ንብርብር ነው? በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.335 ናኖሜትር ነው፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ራማን የሚባለው፣ በሌዘር ብርሃን የሚለካ ማሽን ያስፈልግሻል። ራማን ያለው ሰው ጋ ደጅ ስትጠኚ ደግሞ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ስለዚህ ግራፊንን ተይውና ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባለውን፣ እንደ ግራፋይት በንብርብር የተሠራ ቁስ ያዢ። ጋራዥ የምታዪውን አንዳንድ ጥቁር ግሪስ የሚያጠቁረው እሱ ነው። ጥቅሙ ብዙ የኬሚስትሪ ላብ ውስጥ በሚገኘው ዩቪ-ቪዝ (ናሙናው የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ በሚለካው መሣሪያ) መለየቱ ነው። 610 እና 670 ናኖሜትር አካባቢ ሁለት ጉብታ ያሳይሻል። ቅርፊቱ ሲሳሳ የ670ው ወደ አጭር ሞገድ በትንሹ ይሸሻል። ግራፊን ግን እያንዳንዱ ንብርብር የሚታየውን ብርሃን 2.3 በመቶ ይውጣል እንጂ እዚያ ጉብታ የለውም።

ሌላው ግማሽ ስሌት ነው። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለው የአተሞችን ባሕርይ የሚያሰላ ፕሮግራም ነፃ ነው። የአንድ ንብርብር ስሌት የሚፈልገው ሦስት አተም ብቻ ስለሆነ ላፕቶፕ ይችለዋል። ከንብርብሩ በላይ ቢያንስ 1.5 ናኖሜትር ባዶ ቦታ ተዪ፣ አለዚያ ፕሮግራሙ ንብርብሩን ደጋግሞ ስለሚደረድረው ቅጂዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። የወፍራሙ የኃይል ክፍተት (ኤሌክትሮኑ ተነሥቶ እንዲንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል) 1.3 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው፣ ቀጥተኛም አይደለም፣ ማለትም ብርሃን በደንብ አይሰጥም። አንድ ንብርብር ሲቀር ወደ 1.8 ከፍ ብሎ ቀጥተኛ ይሆናል፣ ብርሃንም ይሰጣል። የተለመደው ስሌት 1.7 ገደማ ቢሰጥሽ አትደንግጪ፣ ዝቅ ማድረግ ልማዱ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሳይናገር ይሄዳልና ስሌቱ መሃል መሃል እየቆመ ራሱን እንዲያስቀምጥ አድርጊ።

ደረቁን ዱቄት ያለ ማስክ አትንኪ። በሳሙናው ፋንታ ኤንኤምፒ የሚባለውን ፈሳሽ ተጠቀሚ የሚል ካለ፣ ጽንስ ስለሚጎዳ ሳሙናው ይሻልሻል። ፕሮፖዛል ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ የላቡን ቴክኒሻን ቡና ጋብዢና የዩቪ-ቪዙ አምፖል ይበራ እንደሆነ ጠይቂው።