ሐዋሳ የሕንፃ ሕግ የላትም እንዴ?

ጥያቄ፦ ታቦር ክፍለ ከተማ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ የሚከራዩ ሰርቪስ ቤቶች ልሠራ ነው። ኤሌክትሪሻኑ «ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ምን ያደርጋል፣ ሐዋሳ እንዲህ ዓይነት ሕግ የላትም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እንዳይቀበሉት። ሕጉ አገር አቀፍ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሥራውን ለየከተማው የሕንፃ ሹም ሰጠ፤ ፕላን ማየቱ፣ ፈቃድ መስጠቱ፣ ግንባታውን መቆጣጠሩ ሁሉ የእሱ ድርሻ ሆነ። የኤሌክትሪክ ዝርጋታም አገራዊ ኮድ አለው። ክፍተቱ ያለው አፈጻጸም ላይ ነው፤ ጓሮ የሚሠራን ቤት ብዙ ጊዜ ማንም ገብቶ አያየውም፣ ይሄ ደግሞ በጣም ያሳስበኛል።

የእንጀራ ምጣድን ብቻ ያስቡ። 3.5 ኪሎ ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለመብራት በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ ላይ ከሰኩት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ለምጣዱ ከብሬከሩ የራሱን መስመር ያስዘርጉ። ኧርዝ ደግሞ ለድርድር አይቀርብም፤ ኧርዝ ሳይኖር የምጣዱን ብረት ኤሌክትሪክ ቢነካው ተከራይዎ ሊጥ በነካ እርጥብ እጇ ነው የምትይዘው፣ ኤሌክትሪኩም እሷን ይይዛታል።

ፈቃዱን ቁፋሮ ሳይጀምሩ ያውጡ። ሽቦውን ግድግዳው ሳይለሰን ለሌላ ባለሙያ ያሳዩ።