ረቂቅዎን ይዘው ወደ ጉባኤው ሲሄዱ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን አንድ ተረት በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ የሕፃናት መጻሕፍት ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤስሲቢደብሊውአይ፣ በሚያዘጋጀው ጉባኤ ላይ ለመሳተፍ ተመዝግቤያለሁ። ክፍያው ቀላል አይደለምና ባዶ እጄን መመለስ አልፈልግም። ሥዕሉን የሚሠራልኝ ሰው ፈልጌ ልሂድ? ረቂቁንስ እዚያው ለአሳታሚዎች ልስጥ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሠዓሊ አይፈልጉ። በአሜሪካ አሠራር ሠዓሊውን የሚመርጠው ጽሑፉን የገዛው አሳታሚ ነው። አብሮ የቀረበው ሥዕል ካልተወደደ ጽሑፉንም ይዞት ሊወድቅ ይችላል።

ገንዘቡን ይልቅ ለግል ግምገማ ያውሉት። አንድ አርታኢ ወይም የደራሲ ወኪል (ደራሲውን ወክሎ ጽሑፉን ለአሳታሚዎች የሚያቀርብ ሰው) ጽሑፍዎን አስቀድሞ አንብቦ ብዙውን ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያህል ያነጋግርዎታል። ለብቻው የሚከፈልበት ነው፤ ረቂቁ ከጉባኤው ሳምንታት ቀድሞ ይላካል፤ ቦታውም ቶሎ ይሞላል። ከጉባኤው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብንባል እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

ከመላክዎ በፊት ስምንት ነጭ ወረቀት ደርበው መሃል ላይ ቢያጥፉ 32 ገጽ ይወጣዋል፤ የተለመደው የሥዕል መጽሐፍ መጠን ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ለርእስና ለአሳታሚው መረጃ ስለሚሄዱ ለታሪኩ የሚተርፈው ከ12 እስከ 14 ጥንድ (መጽሐፉ ሲገለጥ ጎን ለጎን የሚታይ ሁለት) ገጽ ነው። ጽሑፉን በመቀስ ቆራርጠው በየገጹ ይለጥፉና ገጹን እየገለጡ ጮክ ብለው ያንብቡት። ምንም አዲስ ነገር የማይሆንበት ገጽ ካለ፣ ወይም ቀጣዩን ለመግለጥ የማያጓጓ ከሆነ መሥራት ያለብዎት እዚያ ላይ ነው። «ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ» የሚለውን ዓይነት ይሰርዙ፤ ቀሚሷ የሠዓሊው ድርሻ ነው። ተረት ላይ ደግሞ አያት ወይም መምህር መጨረሻ ላይ ብቅ ብለው ምክሩን ሲናገሩ ታሪኩ ይሞታል፤ መፍትሔውን ልጁ ራሱ ያግኘው። ርዝመቱ ከ500 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል።

ግምገማው ላይ ለመከራከር አይድከሙ። «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ባሉ ቁጥር ከሩብ ሰዓትዎ ላይ ይቀነሳል። የተባለውን በተናጋሪው ቃል እንዳለ ይጻፉት። ሁለት ጥያቄም ይዘው ይግቡ፤ ለምሳሌ «ሲያነቡ የሰለቸዎት የቱ ጋ ነው?»

ረቂቁን እዚያው በእጅ አይስጡ፤ ያን ሁሉ ወረቀት ተሸክሞ የሚሄድ አርታኢ የለም። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ያለ ወኪል የመጣ ጽሑፍ አይቀበሉም፤ ጉባኤው ላይ የተናገሩ አርታኢዎች ግን ብዙ ጊዜ ለተሳታፊዎች ለተወሰነ ጊዜ በራቸውን ይከፍታሉ። ስለዚህ የትኛው አርታኢ ምን ዓይነት መጻሕፍት እንደሚያወጣ አስቀድመው አይተው የሚገቡበትን ክፍለ ጊዜ በዚያ ይምረጡ። ሲልኩም የት እንዳዳመጡት በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ይጥቀሱ። በማግስቱ ግን አይላኩ፤ በግምገማው የተነገረዎትን አርመው፣ የመቀበያው ቀን ከማለፉ በፊት ይላኩ።